ሐይቅና ዳርቻው፤ ከአዳማ እስከ ላንጋኖ

«ሐይቅ» የሚለው ቃል በግዕዝ በአመዛኙ ዳርን፣ የውሃን ጠርዝ፣ ምድርና ባሕር የሚገናኙበትን ሥፍራ ያመለክት ነበር። የባሕር ሐይቅ ሲባል በባሕሩ ጫፍ የተነጠፈው አሸዋ እንጂ ባሕሩ ራሱ አልነበረም። አማርኛ ቃሉን ሲወርስ ከጠርዙ አንሥቶ ወደ ውሃው አሻገረው፤ ለጠርዙም «ዳር» እና «ዳርቻ» የሚሉትን ቃላት ሰጠው። ይህ የቃል ጉዞ ለቋንቋ ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይመስለንም። ስለ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የተጻፈውን ያገላበጠ ሰው እንደሚያስተውለው፣ ስለ ውሃው ጥልቀት፣ ስለ ዓሣውና ስለ ወፉ ብዙ ተብሏል፤ በጠርዙ ላይ ማን እንደቆመ፣ ማን ከብቱን እንዳጠጣበት፣ ማን ፎጣውን እንዳነጠፈበትና ማን እንዳጠረው የተባለው ግን ጥቂት ነው። የዚህ ጽሑፍ ጥረት ቃሉን ወደ ቀድሞ ትርጉሙ መልሶ፣ ከአዳማ አንሥቶ እስከ ላንጋኖ ያለውን የዳርቻ ታሪክ መከተል ነው።

በመሠረቱ የውሃ ዳርቻ ለመዝናኛነት መዋሉ በዓለም ታሪክ ውስጥ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። የእንግሊዝ አገሯ ብራይተን የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች የባሕር ውሃ ለሰውነት ፈውስ ነው ማለት ሲጀምሩ ባለጸጎች ጎረፉባት፤ እ.ኤ.አ. በ1841 የባቡር ሐዲድ ከለንደን ሲደርሳት ደግሞ የከተማው ሠራተኛ በርካሽ ቲኬት ተከተላቸው። በፈረንሳይ ሠራተኛው ደመወዙ ሳይቆረጥ የሁለት ሳምንት ዕረፍት በሕግ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፤ ከዚያ በፊት የባሕሩ ዳር የጌቶች ነበር። የሃዋይ ሕዝብ በጣውላ ላይ ቆሞ የውቅያኖስን ማዕበል መጋለብ ከጥንት ጀምሮ ያውቅበት ነበር፤ ለእርሱ ይህ ጨዋታ ከሃይማኖቱና ከአለቆቹ ክብር ጋር የተሳሰረ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሚሲዮናውያን ነቀፉት፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ለመርከብ ተጓዡ ጎብኚ የሚሸጥ ትርኢት ሆነ። እንግዲህ የዘመናዊው የባሕር ዳር ሽርሽር ወላጆች ሦስት ናቸው ማለት ይቻላል፦ ፈውስ፣ ሐዲድና የዕረፍት ቀን። አራተኛውን፣ የአገሬውን ሰው ሥርዓት ለጎብኚ ዐይን ማዋልን፣ የጨመረ ሰው አልተሳሳተም።

እኛም የውቅያኖስ ማዕበል ያየንበት ዘመን ነበር። ከምጽዋ አጠገብ ያለው የጉርጉሱም አሸዋ ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር እስክትሆን ድረስ በብዙ ኢትዮጵያውያን የፎቶግራፍ ማኅደር ውስጥ ቦታ ነበረው። ነገር ግን ምጽዋ ለመሐል አገሩ ሰው ሩቅ ነበረች። የሸዋና የአርሲ ሰው ባሕር ዳር ያለው ከስምጥ ሸለቆው ወለል ነው።

ከመቂ ወደ ደቡብ የሚጓዝ መንገደኛ አራት ሐይቆችን ተራ በተራ ያልፋል፤ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አብያታንና ሻላን። የመሬት ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት ከአሥር ሺህ ዓመት በማይበልጥ ጊዜ ውስጥ፣ ዝናቡ ከዛሬው በበረታበት ዘመን፣ አራቱም አንድ ሰፊ ውሃ ነበሩ። ሲሞላም ትርፉ በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ይፈስ ነበር። የዚያ ታላቅ ሐይቅ ዳርቻ አሁን ውሃ በሌለበት ሜዳና በኮረብቶች ወገብ ላይ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የተቀላቀለበት ነጣ ያለ አፈር ሆኖ ይታያል። ከዝዋይ በስተ ምዕራብ በጋደሞታ ከባልጩት የተጠረቡ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም ከ270 ሺህ ዓመት በላይ ተገምቷል። የሰው ልጅ በዚህ ዳርቻ እንግዳ አይደለም ማለት ነው። እንግዳው ነገር በዳርቻው ላይ ያለ ሥራ መጋደሙ ነው።

ሽርሽር ከመምጣቱ በፊት ዳርቻው ሦስት ጌቶች ነበሩት። አንደኛዎቹ ከብቶች ናቸው። በአፋን ኦሮሞ «ሆራ» የሚባለው ማዕድን ያዘለ ውሃ ከተራው ሐይቅ ይለያል፤ አርብቶ አደሩ ከብቱን ቀን ቆጥሮ ከሩቅ እየነዳ ወደ ሆራ የሚወስደው ጥሙን ለመቁረጥ ብቻ አይደለም፤ ጨዉን እንዲያገኝ ነው። ቦሌ የሚባለው ጨዋማ አፈርም ከዚሁ ከሐይቆቹ አካባቢ ይገኛል። ሁለተኛው ምስጋና ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ፣ የኦሮሞ ሕዝብ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ወደ ቢሾፍቱው ሆራ አርሰዲ ይወርዳል፤ ሣሩን ከውሃው እየነከረ ዝናቡን ላወረደውና ወንዙን ላጎደለው ዋቃ ምስጋና ያቀርባል። ኢሬቻ የዳርቻ በዓል ነው። ውሃው መሐል የሚገባ የለም፤ ሁሉም ጠርዙን ይሻል፤ ስለዚህም ለጠርዙ የሚደረግ ግፊያ የበዓሉ ነባር ጠባይ ነው።

ሦስተኛው መጠጊያነት ነው። የዝዋይ ሐይቅ፣ በነባር ስሙ ደምበል፣ አምስት ደሴቶች አሉት፤ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ ይባላሉ። የዛይ ሕዝብ በእነዚህ ደሴቶች ላይ ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን እየደገፈ አርሷል፤ ሸምኗል፤ ዓሣ አጥምዷል፤ ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመደውን የራሱን ቋንቋ ጠብቋል። እንደ ትውፊቱ፣ በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ ለብዙ ዓመታት የተቀመጠችው በቱሉ ጉዶ ነው። የግዕዝ ብራና መጻሕፍትም በደሴቶቹ ቆይተዋል። ታሪክ ጸሐፊው ትውፊቱን የሚመዝንበት የራሱ ሚዛን አለው፤ ለእኛ ግን የሚደንቀው የትውፊቱ ጂኦግራፊ ነው። ዛሬ ጎብኚ ፀሐይ ለመሞቅ የሚሻው ጠርዝ ለዛይ አባቶች አደጋ የሚመጣበት ወገን ነበር፤ ደኅንነት ያለው ከውሃው ወዲያ ነበር። በኋለኛው ዘመን ብዙዎቹ መሬት ፍለጋ፣ ትምህርት ቤትና ገበያ ፍለጋ ወደ ዳርቻው ከተሞች ተሻግረዋል።

ወደ ሐዲዱ እንምጣ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ፣ ከብዙ የገንዘብና የፖለቲካ ጭቅጭቅ በኋላ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። አዳማ፣ ሞጆና ቢሾፍቱ በከተማነት የተነሡት በዚህ ሐዲድ ዳር ነው። አዳማ ስሟን ያገኘችው በአካባቢው ከሚበዛው ቁልቋል እንደሆነ ይነገራል፤ በአፋን ኦሮሞ ቁልቋሉ አዳሚ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ግን አዳማ ናዝሬት፣ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ተባሉ። የወንጌሉ አገር ካርታ በቆላው ላይ እንደ ኩታ ተደረበ። አዳማ በ1992 ዓ.ም. የኦሮሚያ ርእሰ ከተማ ስትሆን ነባር ስሟ በይፋ ተመለሰ፤ ርእሰ ከተማነቱ በ1997 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ቢዞርም ስሙ ጸንቷል። ዛሬም በአውቶቡስ ተራ «ናዝሬት፣ ናዝሬት» የሚል ረዳት አይጠፋም። ሁለቱም ስሞች በአንድ አፍ የሚኖሩበት ከተማ ለተውኔት ጸሐፊ መልካም መድረክ ነው።

የአዳማ ሰው ራሱ ሐይቅ የለውም። የእርሱ ውሃ ፍል ውሃ ነው። ከከተማው በስተ ደቡብ በቦኩ ከምድር የሚወጣ እንፋሎት አለ፤ ቁርጥማት የጸናበት ሰው ገብቶ ይታጠንበታል። ከከተማው ወደ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ደግሞ፣ በአዋሽ ዳር፣ ሶደሬ አለ። ፈውሱ እዚህ ነው። ሶደሬ በኋላ ትልቅ መዋኛ ገንዳና ሆቴል ያለበት የመዝናኛ ሥፍራ ቢሆንም፣ ፍል ውሃው ዛሬም አሮጊቷን በምርኩዝ ይጠራል፤ ወጣቱ ከገንዳው ጫፍ ሲወረወር፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ባልቴቷ ጉልበታቸውን በሙቅ ውሃ ያሻሉ። ከግራሩና ከሾላው ላይ ጦጣው ወርዶ የሁለቱንም ምሳ ይዘርፋል። በአዋሽ ውስጥ ደግሞ አዞ አለ፤ ስለዚህ ወንዙ ይታያል እንጂ አይዋኝበትም። ፈውስና ጨዋታ በአንድ ቅጥር ውስጥ እንዲህ ተቀላቅለው የቀሩበት ሌላ ሥፍራ በአገራችን ብዙ የለም፤ የብራይተንን ታሪክ ሁለት ምዕራፎች አንድ ላይ አጥፎ እንደማንበብ ነው።

ነገር ግን ስለ አዋሽ ሲወሳ ከመዝናኛው ይልቅ ሥራው ይበልጣል። በኢንዶኔዥያ የስኳር እርሻዎቹን ያጣው የኔዘርላንድ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ እ.ኤ.አ. በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ፣ በመጋቢት 1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ የሸዋው ፋብሪካ ተከተለ። ሜዳው ባዶ አልነበረም፤ የጂሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች በበጋ ከብቶቻቸውን የሚያወርዱበት የአዋሽ ዳር ግጦሽ ነበር። ሸንኮራው ወንዙን ከላሙ ወሰደው። ከደቡብና ከሌላም ክፍል የመጣው ሠራተኛ በካምፕ ሰፈረ፤ የውጭ ባለሙያዎቹ መኖሪያ ሌላ ነበር። የውሃው ነገር እዚህ ላይ መራራ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ በወንጂ ለብዙ ዓመታት የጉድጓዱን ውሃ የጠጡ ሠራተኞች ጥርሳቸው መበለዙ ሳያንስ አጥንታቸው ደርቆ አንገታቸውንና ወገባቸውን ማዞር እንደተሳናቸው በሐኪሞች ጥናት ተመዝግቧል። የሸለቆ ልጅ በጥርሱ ይታወቃል ሲባል እንደ ቀልድ የሚሰማው የታሸገ ውሃ ይዞ የሚመጣው እንግዳ ነው።

ከወንጂ በላይ አዋሽ ተገደበ። እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረው የቆቃ ግድብ፣ ጣሊያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሣ ገንዘብ የተሠራ ሲሆን፣ 43 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል እንዲያመነጭ ታስቦ የተተከለ ነው። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ውሃ ገሊላ ተባለ፤ የወንጌሉ ካርታ አንድ ስም ጨመረ። እንግዲህ ይህ ሰው የፈጠረው ዳርቻ ነው። ሰፊ የግጦሽ መሬት ከታች ቀርቷል፤ ከላይ ጀልባና ጉማሬ መጥቷል፤ እምቦጭ የሚባለው አረምም በአገራችን ከታየባቸው የመጀመሪያ ሥፍራዎች አንዱ ይኸው ቆቃ ሆኗል። በአዲስ አበባ አምፖሉ ሲበራ፣ በቆቃ የላሙ መንገድ ጠፍቷል፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ለሌላው መሰረዝ አይገባም።

በቢሾፍቱ የነበረው መልክ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ቅርብ ናት፤ ሐይቆቹም በእሳተ ገሞራ አፍ የተኙ፣ ዙሪያቸውን ገደል የከበባቸው ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ በቢሾፍቱ ሐይቅ አፋፍ ያሠሩት ቤት «ፌርፊልድ» ተባለ፤ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ በስደት በኖሩባት በእንግሊዟ ባዝ ከተማ ያለው ቤታቸው ስም ነው። የስደት ቤት ስም የመዝናኛ ቤት ስም ሲሆን፣ ሐይቁን ከአፋፍ ቁልቁል የመመልከት ልማድ የተከበረ ሆነ። መኳንንቱና ባለጸጋው በየአፋፉ ቪላ ሠሩ። ከብቱ የሚወርድበት ጎዳና ግን በየቪላው ጀርባ ቀጠነ።

ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚወስደው መንገድ የመኪና ዘመን ልጅ ነው። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት አገሪቱን «የ13 ወር ፀጋ» ብሎ ለዓለም ሲያስተዋውቅ፣ ዐይኑ ያረፈው በአመዛኙ በሰሜኑ የታሪክ መንገድ ላይ፣ በአክሱም፣ በላሊበላና በጎንደር ላይ ነበር። የሐይቆቹን መንገድ የከፈተው ከመሥሪያ ቤት ይልቅ አንድ ነጋዴ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አቶ በቀለ ሞላ በዝዋይ፣ በላንጋኖ፣ በሻሸመኔ፣ በአርባ ምንጭ በስማቸው የሚጠሩ ሆቴሎችን በመንገዱ ላይ እንደ ዶቃ ደረደሩ። የዚያን ዘመን የመንግሥት ሠራተኛ፣ የሰላም ጓድ መምህር፣ የጭነት መኪና ሾፌርና ሚሲዮናዊ በአንድ የምግብ አዳራሽ የተገናኙት በእነዚህ ሆቴሎች ነው። በአገራችን የሥራ ፈጣሪዎች ታሪክ ሲጻፍ ይህ ሰው ከአንድ ምዕራፍ በታች ሊሰጠው አይገባም።

ላንጋኖ ለምን ተመረጠ? ዝዋይ ከአዲስ አበባ ይቀርባል፤ ጥልቀቱም ቢበዛ 9 ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን በዝዋይ ዳርቻ ቀንድ አውጣ ስላለ ቢልሃርዝያ አለ፤ የገባበት ሰው በሽታውን ይዞ ሊወጣ ይችላል። የላንጋኖ ውሃ በአንፃሩ ከሩቅ ሲያዩት ደስ አይልም፤ ማለዳ የወተት ሻይ፣ ማታ የመዳብ ቀለም ያለው፣ ደቃቅ ማዕድን ያንጠለጠለ ቡናማ ውሃ ነው። ይህ ውሃ ለቀንድ አውጣው ስለማይስማማ ከቢልሃርዝያ ነፃ መሆኑ በሰፊው ይታመናል። የአገራችን ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል ሲያስተውሉ፣ የላንጋኖ ዋናተኞች ደግሞ ተፈጥሮ ያለ እንዶድ በሠራችው ውሃ ውስጥ ይንቦጫረቁ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል፤ ሐይቁ ነጭ ጫፍ ያለው ማዕበል ያወጣል፤ የጀልባ ሸራ ይወጠራል። የሃዋይ ማዕበል አይደለም፤ ከጉልበት የሚያልፈው አልፎ አልፎ ነው። ባሕር አይቶ ለማያውቅ ልጅ ግን በቂ ባሕር ነው።

አብዮቱ ሲመጣ የዳርቻው ባለቤት ተለወጠ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅና ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የአፋፉን ቪላዎች ከነባለቤትነታቸው ገለበጡ። የወንጂ ፋብሪካዎች የመንግሥት ሆኑ፤ ታላላቆቹ ሆቴሎች በጊዮን፣ በራስ፣ በዋቢ ሸበሌና በፍልውሃ ስም በተደራጁ የመንግሥት ድርጅቶች ሥር ገቡ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ሠራተኛው የዕረፍት ቀን ካገኘ፣ ዳርቻውም የሕዝብ ከሆነ፣ ሠራተኛው ወደ ዳርቻው ይመጣል ወይ? የመጣው በከፊል ነው። የሚበዛው እንግዳ የውጭ አማካሪ፣ ባለሥልጣንና የስብሰባ ተሳታፊ ነበር። ከአንባቢዎቻችን መካከል ሶደሬን ወይም ላንጋኖን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በሴሚናር አበል ያልሆነ ካለ እጁን ያውጣ። አዳማም የስብሰባ ከተማ ሆና የቀረችው በዚሁ ልማድ ይመስለናል፤ መንግሥታት ሲለዋወጡ አዳራሹና አበሉ አልተለወጡም። ዳርቻው በስም የሁሉ ሆኖ፣ በመኪና መንገዱና በአልጋው ዋጋ የጥቂቶች ሆኖ ቆየ። ያም ሆኖ በዚያ ዘመን አጥሩ ረጅም አልነበረም። እረኛው ከብቱን በሆቴሉ ጎን ያወርድ ነበር፤ የሆቴሉ ዘበኛም የእረኛው አጎት ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት ሆቴሎቹን ለግል ባለሀብት ያስተላልፍ ጀመር፤ በላንጋኖና በቢሾፍቱ ዙሪያ ሎጅና ሪዞርት በረከተ። በአውሮፓውያን 2000ዎቹ በዝዋይ ዳር ሰፋፊ የአበባ እርሻዎች ተተከሉ፤ ለብዙ ሺህ ወጣት ሴቶች የመጀመሪያውን ደመወዝ ሰጡ፤ ከሐይቁም ውሃ ቀዱ። የአዲስ አበባ አዳማ የፍጥነት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህሉ ጉዞ ከአንድ ሰዓት ወረደ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ የድሮው ሐዲድ በአዳማ መሐል ዝጎ ተኝቶ ነበር። የሽርሽሩ ሦስት ወላጆች፣ ፈውስ፣ ሐዲድና የዕረፍት ቀን፣ አሁን በሙሉ ተገኝተዋል። የአዲስ አበባ መካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ቅዳሜ ማለዳ ተነሥቶ ምሳውን በዝዋይ ዳር ቆሮሶ ጠብሶ መብላት ይችላል። ይህ ሊናቅ የሚገባው ነገር አይደለም፤ ልጁን ውሃ ዳር ያቆመ አባት ደስታ እውነተኛ ደስታ ነው። ጾም ሲገባ ደግሞ የዓሣው ዋጋ ሲንር፣ የአጥማጁ ፊት ይፈካል።

ዳሩ ግን በላንጋኖ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልግ አንድ የመዝናኛ ሥፍራ ደጃፍ፣ ይህ ጸሐፊ ያየውን ያነሣል። አንድ የአርሲ አዛውንት ሰባት ያህል ላሞች ይዘው በሽቦው አጥር ጥግ እያዘገሙ ነበር። «አባባ፣ ወዴት ይነዷቸዋል?» ብንላቸው፣ በበትራቸው አጥሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠቁመው፣ «ወደ ውሃ። ድሮ በዚህ ነበር፤ አሁን በዚያ ነው» አሉ። «በዚያ» ያሉት ሥፍራ ከዐይን ርቆ ነበር። እኛ በሩ ላይ የመግቢያ ከፍለን በሁለት ደቂቃ ውሃው ዘንድ ደረስን። አዛውንቱ ቅሬታ አላሰሙም፤ ዘበኛውም አልተቆጣም። ሁሉም ነገር በሥርዓት ነበር፤ የሚያሳስበውም ይኸው ነው።

ቅሬታው ተጠራቅሞ የፈነዳበትን ቀን ግን ታሪክ መዝግቦታል። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በሆራ አርሰዲ የኢሬቻ በዓል ላይ በተቃውሞ መካከል አስለቃሽ ጢስ ተተኮሰ፤ ሕዝቡ ሲደናገጥ በዳርቻው ገደልና ጉድጓድ ብዙ ሰው ተረጋግጦ አለቀ። ለምስጋና የተፈለገው ጠርዝ የሞት ጠርዝ ሆነ። በዚያው ሳምንት ቁጣው በክልሉ ሲዳረስ፣ በላንጋኖ ምሥራቃዊ ዳርቻ በደን መካከል የነበረው የቢሻንጋሪ ሎጅ ተቃጠለ። ሁለቱን ክስተቶች በአንድ ሚዛን አንመዝናቸውም፤ የሰው ነፍስና የሣር ጎጆ አይወዳደሩም። ነገር ግን የስምጥ ሸለቆን ዳርቻ ታሪክ የሚጽፍ ሰው፣ ሁለቱም በአንድ ሳምንት፣ ሁለቱም በውሃ ጠርዝ መሆናቸውን ሳያነሣ ሊያልፍ አይችልም።

ባለቤትነቱ ሲያከራክር፣ ዳርቻው ራሱ እየተንቀሳቀሰ ነው። በመተሐራ የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የነበረ ሲሆን፣ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፍቶ የአስፋልቱንና የሐዲዱን መስመር ተጋፍቷል፤ የሸንኮራ መሬትም ውጧል። በአንፃሩ አብያታ ይሸሻል። የአብያታ ሕይወት ከዝዋይ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የመቂና የካታር ወንዞች ዝዋይን ይሞላሉ፤ የዝዋይ ትርፍ በቡልቡላ ወንዝ ወርዶ አብያታን ይሞላል። በመቂና በዝዋይ ዙሪያ ለቲማቲሙ፣ ለሽንኩርቱና ለአበባው የሚቀዳው ውሃ ሲበዛ ቡልቡላ ይሳሳል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአብያታ ዳር የተተከለው የሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃውን ወደ ማትነኛ ገንዳዎች ይስብ ጀመር። ሐይቁ በግማሽ ያህል ቀንሷል። በ887 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ የተከለለው የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ ከስፋቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው ተብሎ የተካለለ ነበር። ግራሩም ለከሰል እየተቆረጠ በአስፋልቱ ዳር በማዳበሪያ ይሸጣል፤ ገዢው በአመዛኙ ከላንጋኖ የሚመለሰው ሽርሽረኛ ነው።

ሻላ ከአጠገቡ 266 ሜትር ጥልቀት ይዞ አልተነቃነቀም። በደሴቶቹ ላይ ፔሊካን ይፈለፍላል፤ ነገር ግን በሻላ ዓሣ እንደ ልብ ስለሌለ ወላጆቹ ለጫጩታቸው ምግብ ፍለጋ ወደ አብያታ ይበሩ ነበር። አብያታ ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ ፔሊካኑም የምግብ መንገዱን ወደ ዝዋይና ወደ ሌሎች ሐይቆች አራዘመ። ፍላሚንጎው ግን ጨው የማይፈራ ወፍ ነውና አሁንም በአብያታ ጠርዝ ሐምራዊ ሰልፉን ይሠራል። ጎብኚው ሊያየው ሲሄድ የፓርኩ ጠባቂ መኪናውን ራቅ አድርጎ እንዲያቆም ይመክረዋል። ትናንት የሐይቁ ወለል የነበረው ነጭ መሬት ከላይ የደረቀ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ጭቃ ነው፤ ጎማ ይውጣል። ስለዚህ ከመኪና ተወርዶ፣ ቅርፊቱ ከጫማ ሥር እየተሰነጠቀ፣ የዓሣ አጥንትና የወፍ ላባ የተበተነበትን ሜዳ አቋርጦ በእግር ይኬዳል። የአካባቢው እረኛ ልጆች መንገዱን ያውቁታል። «ጋሼ፣ በዚህ ነው፤ በዚያ ይሰምጣል» እያሉ ከፊት ይቀድማሉ፤ ከዓመት ዓመትም መንገዱ ይረዝምባቸዋል።